ከውኃ ውስጥ እንጨት የተገኘን ፈንገስ አዲስ ዝርያ ከማለታችሁ በፊት፦ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከወንዝ የወጣ የበሰበሰ እንጨት በዓይን ሲያዩት ባዶ ነው። ጭቃው በቀስታ ታጥቦ ከአጉሊ መነጽር ሥር ሲቀመጥ ግን፣ ከግማሽ ሚሊሜትር የማይበልጡ ጥቁር ነጠብጣቦች በየስንጥቁ ተሰግስገው ይገኛሉ። አንዷን በመርፌ ጫፍ ስትከፍቷት ብርሃን የሚያሳልፉ ረጃጅም ከረጢቶች ይወጣሉ፤ በየከረጢቱም ብዙውን ጊዜ ስምንት ስፖሮች (የፈንገሱ መራቢያ ቅንጣቶች) አሉ። ከረጢቱ አስከስ ይባላል። በውኃ ውስጥ እንጨት ላይ የምናገኛቸው ፈንገሶች አብዛኞቹ እንዲህ ያለ ከረጢት ያላቸው አስኮማይኮታ፣ ወይም ከረጢታቸው ገና ያልታየ የእነዚሁ ዘመዶች ናቸው።

ይህን አንዴ ያየ ሰው «ይህማ አዲስ ዝርያ ነው» ለማለት ምን ያህል እንደሚጣደፍ አውቃለሁ፤ እኔም ተጣድፌ አውቃለሁና። ያልተሰየሙ ፈንገሶች ሞልተዋል፣ ጥድፊያውም ሁልጊዜ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን የሰጠነውን ስም ያነበበ ሌላ ሰው፣ በሌላ ወንዝ ዳር ያንኑ ፈንገስ ሲያገኝ ሊያውቀው ካልቻለ ስሙ ለማንም አይጠቅምም። ከዚህ በታች የማነሳቸው ስህተቶች ሁሉ ይህን መንገድ የሚዘጉ ናቸው። ሥራው በሚሄድበት ቅደም ተከተል፣ ከእንጨቱ ተነስቼ ስሙ ድረስ እሄዳለሁ።

1. ከውኃ የወጣን ሁሉ የውኃ ፈንገስ ማለት

ትናንት በንፋስ ተገንጥሎ ወንዝ ውስጥ የወደቀ ቅርንጫፍ ዛፉ ላይ ሳለ የያዘውን ፈንገስ ሁሉ ይዞ ነው የሚወድቅ። ያንን ቅርንጫፍ ከሳምንት በኋላ አንስታችሁ የምታዩት ፈንገስ የየብስ ነዋሪ ሆኖ በአጋጣሚ የረጠበ ሊሆን ይችላል። «በውኃ ውስጥ እንጨት ላይ የተገኘ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ብቻውን ስለ ፈንገሱ ኑሮ ምንም አይናገርም።

ስለዚህ እንጨቱን አንብቡት። ቅርፊቱ አለ ወይስ ተልጧል? ላዩ ጠቁሮ ወይም ግራጫ ሆኖ በጥፍር ሲጫኑት እንደ ቅቤ ይለሰልሳል? ሙሉ በሙሉ ጠልቆ ነበር ወይስ ግማሹ ከውኃው በላይ ነበር? ውኃው ይፈስሳል ወይስ የተኛ ነው? ይህን ሁሉ እዚያው ቆማችሁ ጻፉት። ቤት ገብቶ «አስታውሰዋለሁ» የሚሉት ነገር አይታወስም።

ከሁሉ የተሻለው ማስረጃ ግን ማጥመጃ እንጨት ነው። ዓይነቱ የታወቀና ከፈንገስ የጸዳ እንጨት ቆርጣችሁ፣ ቀኑን መዝግባችሁ፣ በገመድ አስራችሁ ውኃ ውስጥ ትተዉትና ከወራት በኋላ ታወጡታላችሁ። በላዩ ላይ ያፈራው ፈንገስ እዚያው ውኃ ውስጥ እንጨቱን እንደያዘ በልበ ሙሉነት መናገር ትችላላችሁ። ሳቮሪየላ ሊግኒኮላ የተባለው፣ ዛሬ ጨዋማ ባልሆነ ውኃ ውስጥ ባለ እንጨት ላይ በየአገሩ የሚገኘው ፈንገስ፣ በ1969 የተገለጸው በኢንዱስትሪ የውኃ ማቀዝቀዣ ማማዎች ውስጥ ካለ እንጨት ነበር። ውኃ ሳያቋርጥ በሚወርድበት እንጨት ላይ ለሚኖር ፈንገስ ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም።

አንድ ጊዜ ብቻ፣ በአንድ እንጨት ላይ የታየን ነገር «የውኃ ዝርያ» ለማለት ግን አትድፈሩ። «ከውኃ ውስጥ እንጨት ላይ ተሰብስቧል» ብላችሁ አቁሙ፤ ይህ እውነት ነው፣ ይበቃልም።

2. እንጨቱን ማድረቅ ወይም ማፈን

የተሰበሰበ እንጨት በፕላስቲክ ከረጢት ታሽጎ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ ከዋለ አለቀለት። ከደረሰ በኋላም በውኃ ተነክሮ ከተቀመጠ ባክቴሪያ ይወርሰዋል። በቀስታ አጥባችሁ፣ እርጥብ ለስላሳ ወረቀት በተነጠፈበት ክዳን ባለው የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ በክፍል ሙቀት አኑሩት። የመጀመሪያውን ምርመራ በሳምንቱ፣ ከዚያም እየደጋገማችሁ ለወራት አድርጉ፤ አንዳንዱ ፈንገስ የሚያፈራው ሌሎቹ ካፈሩ በኋላ ዘግይቶ ነው።

በሣጥኑ ውስጥ ጥቃቅን ተባዮች (ማይት የሚባሉት) ሲሄዱ ካያችሁ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ፈንገስ የሚበሉ እነዚህ ተባዮች ስፖር በሰውነታቸው ተሸክመው ከሣጥን ወደ ሣጥን፣ ከዚያም ፈንገስ ወደምታበቅሉበት የብርጭቆ ሳህን (ፔትሪ ዲሽ) ይሻገራሉ። ያንን ሣጥን ወዲያው ከሌሎቹ ለዩት።

3. ባልበሰለ ስፖር መፍረድ

የአንድ ፈንገስ ስፖር ልጅነትና ጉልምስና አለው። ሳቮሪየላን እንደገና እንውሰድ፦ የበሰለው ስፖሯ ሦስት ከፋፋይ ግድግዳዎች ያሉት፣ መካከለኛ ክፍሎቹ ቡናማ፣ ሁለቱ ጫፎቹ ግን ቀለም የሌላቸው ነው፤ አንዴ ያየው አይረሳውም። ያልበሰለውን ስፖር ብቻ ያየ ሰው ግን ቀለም የሌለው ተራ ስፖር ነው የሚያገኘው፤ በዚያ ላይ ተመሥርቶ መለያ ቁልፍ ቢከተል ፍጹም ሌላ ቤተሰብ ውስጥ ይገባል።

የእኔ ልማድ፣ ከከረጢቱ በራሳቸው የወጡትን ስፖሮች መፈለግ ነው። ፍሬዋ (ከረጢቶቹን የያዘችው ጥቁር ነጠብጣብ) አፍ ላይ ተከማችተው ወይም በእንጨቱ ላይ ተበትነው ይገኛሉ። ከእነዚህ ጋር በከረጢት ውስጥ ያሉትን በየደረጃቸው አስተያይታችሁ ፎቶ አንሱ። ያረጁትንም ተጠንቀቁ፤ ስፖር ሲያረጅ ተጨማሪ ግድግዳ ሊያወጣ፣ ሊጠቁርና ሊጨማደድ ይችላል።

4. ስላይዱን በቀጥታ በላክቲክ አሲድ መሥራት

ከሁሉም ስህተቶች ይህኛው ይቆጨኛል፤ ምክንያቱም የሚጠፋው ነገር ተመልሶ አይገኝም።

ላክቲክ አሲድ ወይም ላክቶፊኖል ለዘላቂ ስላይድ ጥሩ ነው፣ አይደርቅም፣ ምስሉንም ያጠራል። ነገር ግን ሴሎችን ይገድላል፣ መጠናቸውን ሊያሳንስ ይችላል፣ ስፖሩን የከበበውን ስስ ሙጫማ ሽፋንም ከእይታ ይሰውራል። በውኃ ውስጥ ፈንገሶች ዘንድ ደግሞ ብዙው ምስጢር ያለው በዚያ ሽፋንና ከስፖሩ በሚወጡት ጭራዎች ላይ ነው። በሚፈስ ውኃ ውስጥ የሚጓዝ ስፖር የሆነ ነገር ላይ መጣበቅ አለበት፤ አለዚያ ተጠርጎ ይሄዳል።

በሃሎስፌሪያሴ ቤተሰብ ውስጥ ካሉት ፈንገሶች የአንዳንዶቹን ስፖር በአንድ ጠብታ ንጹሕ ውኃ ላይ አድርጋችሁ ስስ መክደኛ ብርጭቆ ስትጥሉበት፣ መጀመሪያ የምታዩት በስፖሩ ሁለት ጫፎች ላይ እንደ ቆብ የተለጠፈ ትንሽ እብጠት ነው። «ቆብ አለው» ብላችሁ ልታልፉት ትችላላችሁ። ዓይናችሁን ሳታነሡ ጠብቁ። ጥቂት ደቂቃ ሲያልፍ የቆቡ ጠርዝ ከስፖሩ ይላቀቃል፣ እንደ መንጠቆ ይታጠፋል፣ ከዚያም እንደ ክር ድውር መተርተር ይጀምራል። ክሩ ይረዝማል፣ ይቀጥናል፣ በመጨረሻም ከስፖሩ ርዝመት ብዙ እጥፍ የሆነ፣ ዓይን በጭንቅ የሚከተለው ፈትል ይሆናል። ይህን ያየሁበትን ቀን አልረሳውም፤ ትንፋሼን ይዤ ነበር። ስላይዱ በአሲድ ቢሠራ ኖሮ መግለጫዬ ላይ «ጭራ የለውም» ብዬ እጽፍ ነበር።

ስለዚህ ሁልጊዜ ውኃ ይቅደም። ሙጫማ ሽፋን የተጠረጠረ እንደሆነ ከመክደኛው ብርጭቆ ጥግ ጥቂት የቻይና ቀለም አስገቡ፤ ጥቁሩ ቀለም ሽፋኑ ውስጥ ስለማይገባ በስፖሩ ዙሪያ ብሩህ ቀለበት ይታያል። ቀጥሎ በሌላ ስላይድ የሜልዘር ፈሳሽ፦ በውስጡ ያለው አዮዲን በአንዳንድ ፈንገሶች የአስከስ ጫፍ ላይ ያለውን ቀለበት ሰማያዊ ያደርገዋል፣ በሌሎቹ አያደርገውም። አኑላታስከስ ለምሳሌ በጣም ትልቅና ጎልቶ የሚታይ ቀለበት አለው፣ ግን ሰማያዊ አይሆንም። «ቀለበት አለ» እና «ቀለበቱ ሰማያዊ ይሆናል» ሁለት የተለያዩ መረጃዎች ናቸው፤ ሁለቱንም ለይታችሁ ጻፉ። አሲዱ በመጨረሻ ይምጣ።

5. በጣት በሚቆጠሩ ስፖሮች መለካት

አምስት ስፖር ለክቶ «ከ22 እስከ 24 ማይክሮሜትር» (የሚሊሜትር ሺኛ) የሚል መግለጫ ያሳስታል። ሌላ ሰው 27 ማይክሮሜትር ሲያገኝ የተለየ ዝርያ ይመስለዋል። ቢያንስ 30 ስፖር፣ 20 ያህል አስከስ፣ ከአንድ በላይ ፍሬ ለኩ። በምን ውስጥ እንደለካችሁ፣ በውኃ ይሁን በአሲድ፣ አብራችሁ ጻፉ። ሽፋኑን ጨምራችሁ ይሁን ሳትጨምሩም ይገለጽ።

6. መልክን አምኖ ጂነስ (የቅርብ ዝርያዎችን የሚያቅፍ ምድብ) መስጠት

ውኃ የራሱን ቅርጽ ያስለምዳል። ብሪታንያዊው ኢንጎልድ በ1942 በጅረት ውስጥ በሚበሰብሱ ቅጠሎች ላይ የሚኖሩትን ፈንገሶች ሲገልጽ፣ ስፖሮቻቸው አራት ክንድ ያላቸው ወይም እንደ ክር የረዘሙ መሆናቸው ጎልቶ ወጣ። እነዚያ ባለአራት ክንዶች አንድ ዘር አልነበሩም። በዝምድና የተራራቁ ፈንገሶች ለአንድ ዓይነት ኑሮ አንድ ዓይነት ቅርጽ ላይ ደርሰዋል። በእንጨት ላይ ያሉትም እንዲሁ ናቸው።

ስፖሪደዝሚየም የሚለው ስም ከ1809 ጀምሮ ሲሠራበት ኖሯል። ቡናማ እግር (ስፖሩን የሚሸከም ዘንግ)፣ በእግሩ ጫፍ ላይ አንድ ረዘም ያለ ባለብዙ ግድግዳ ቡናማ ስፖር፦ ይህን የመሰለ ሁሉ እዚያ ሲገባ ኖረ። ዲኤንኤ መነበብ ሲጀምር ግን የስሙ ተሸካሚዎች በሶርዳሪዮማይሲቲስም በዶቲዲዮማይሲቲስም ውስጥ ተበትነው ተገኙ፤ ይህ ከቤተሰብ በላይ ባለው ትልቅ ምድብ፣ በክፍል (ክላስ) ደረጃ ያለ ልዩነት ነው። በዚያ ክምር ውስጥ ያሉትን የሚመስሉና ከውኃ ውስጥ እንጨት የተገኙ ፈንገሶችን የያዘው ዲስቶሴፕቲስፖራ በ2016 ራሱን የቻለ ጂነስ ሆኖ ተሰየመ፣ ከዚያም ወዲህ በርካታ ዝርያዎች ተጨምረውበታል። እንደ ምንጭ ሽቦ የተጠቀለለ ስፖር ያላቸውም ተመሳሳይ ታሪክ አላቸው።

መልክ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። መልክን በጥንቃቄ የማያነብ ሰው ዲኤንኤውንም አያነበውም። ስፖሩ እንዴት እንደሚወለድ ተመልከቱ፦ እግሩ ስፖር በሰጠ ቁጥር በራሱ ውስጥ አልፎ ያድጋል ወይ? ግድግዳዎቹ ከውጭው ግድግዳ ጋር ተያይዘዋል ወይስ በውስጥ የተለየ ሽፋን ብቻ ናቸው? እንዲህ ያለው ዝርዝር ከርዝመትና ከቀለም የበለጠ ይናገራል።

7. የማን እንደሆነ ያልተረጋገጠ ካልቸር (በላቦራቶሪ የበቀለ ፈንገስ) ዲኤንኤ ማንበብ

አንድ ጊዜ ወራት የፈጀ ሥራ ሠራሁ። ስፖሮቹ ውብ ነበሩ፣ መግለጫውም አልቆ ነበር። ካልቸሩ በአራት ቀን ፔትሪ ዲሹን ሲሞላው ደስ አለኝ፤ መጠርጠር ነበረብኝ። ብዙዎቹ የውኃ እንጨት አስኮማይሲቶች ቀስ ብለው ነው የሚያድጉት፣ በሳምንታት ውስጥ የሳንቲም ስፋት ያላቸው ናቸው። ሲኩዌንሱ (የተነበበው የዲኤንኤ ቅደም ተከተል) ሲመጣ በየአየሩ የሚንሳፈፍ ተራ ሻጋታ ሆኖ አገኘሁት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ሁሉንም ከእንጨቱ ጀምሬ ሠራሁ። እንጨቱ ባይተርፍ ኖሮ ያም አይሆንም ነበር።

ከዚያ በኋላ እንዲህ አደርጋለሁ። የአንዲት ፍሬ ውስጧን በማይክሮብ የጸዳ ውኃ ጠብታ ላይ አውጥቼ፣ አንቲባዮቲክ ባለበት የውኃ አጋር (ጄሊ መሰል ማብቀያ) ላይ አፈስሳለሁ። ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀን ውስጥ ስፖሮቹ ቡቃያ ያወጣሉ። በማይክሮስኮፕ ውስጥ ፈልጌ፣ ያ የማውቀው ቡናማ ስፖር ራሱ ቡቃያውን እንዳወጣ አይቼ፣ ፎቶ አንስቼ፣ ያንን አንድ ስፖር ብቻ በቀጭን መርፌ ወደ ድንች ዴክስትሮስ አጋር አሻግራለሁ። ፎቶው ካልቸሩን ከእንጨቱ ጋር የሚያያይዘው ገመድ ነው።

8. ብላስት (ሲኩዌንስን በቋት ካሉት ጋር የሚያመሳክር ፕሮግራም) ላይ መጀመሪያ የወጣውን ስም ማመን

አይቲኤስ የተባለው የዲኤንኤ ክፍል በ2012 ለፈንገሶች አጠቃላይ መለያ ባርኮድ እንዲሆን ቀርቦ ተቀባይነት አግኝቷል። ጥሩ መነሻ ነው። ነገር ግን በ2006 የታተመ ጥናት በሕዝብ የሲኩዌንስ ቋቶች ውስጥ ካሉት የፈንገስ መዝገቦች 20 በመቶ ያህሉ በዝርያ ደረጃ የተሳሳተ ስም ሊኖራቸው እንደሚችል ገምቷል። መጀመሪያ የወጣው ስም የሌላ ሰው ስህተት ሊሆን ይችላል። ከታይፕ ናሙና (የዝርያው ስም ከታሰረበት ናሙና) የተነበቡትን ፈልጋችሁ ከእነርሱ ጋር አወዳድሩ።

ተቃራኒውም ስህተት አለ፣ ከዚያም ይከፋል፦ «97 በመቶ ብቻ ነው የተመሳሰለው፣ ስለዚህ አዲስ ነው» ማለት። ለሁሉም ፈንገስ የሚሠራ የመቶኛ ወሰን የለም። በአንዳንድ ጂነስ ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች በአይቲኤስ አይለያዩም፤ በሌላው የአንዱ ዝርያ አባላት እርስ በርሳቸው ይራራቃሉ።

በቋቱ ውስጥ አለመኖርም አዲስነትን አያረጋግጥም። ከዲኤንኤ ዘመን በፊት የተገለጹ እጅግ ብዙ ዝርያዎች እስከ ዛሬ አንድም ሲኩዌንስ የላቸውም። ጂንባንክ የተባለው የሲኩዌንስ ቋት አያውቃቸውም እንጂ ስማቸው አለ፣ ሥዕላቸው አለ፣ ናሙናቸውም በአንድ ሄርባሪየም (የደረቁ ናሙናዎች ማከማቻ) መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ይጠብቃል። የጂነሱን የቆዩ መግለጫዎች አንድ በአንድ አንብቡ። በጣም የሚመስል ካገኛችሁ ታይፑን ተውሳችሁ እዩ። ይህ ሥራ አሰልቺ ነው፣ ማንም አያመሰግንበትም፤ አዲስ ስም ከመስጠት ይልቅ አሮጌውን ስም በአዲስ ናሙናና በሲኩዌንስ ማስነሳት ግን ለእኔ የሚበልጥ አገልግሎት ነው።

9. በአንድ ጂን ዛፍ (ዝምድናን በሚያሳይ ሥዕል) ላይ መቆም

አይቲኤስ ለዝርያ ቅርብ ነው፣ ለቤተሰብና ከእርሱ በላይ ላለው ምድብ ለኦርደር ግን በጣም ስለሚለዋወጥ ለመደርደር እንኳ ያስቸግራል። ኤልኤስዩና ኤስኤስዩ የሚባሉትን የዲኤንኤ ክፍሎች፣ ፕሮቲን ከሚሠሩት ጂኖች ደግሞ ቲኢኤፍ1ን እና አርፒቢ2ን ጨምሩ። እያንዳንዱን ጂን ለብቻው ዛፍ ሠርታችሁ ሳታዩ አታዋሕዱ፤ አንዱ ጂን ፍጹም ሌላ ቦታ ከሄደ ምናልባት የሌላ ካልቸር ነው። የቅርንጫፉ የቡትስትራፕ ድጋፍ (ቅርንጫፉ ምን ያህል እንደሚታመን የሚለካው ቁጥር) ከ70 በመቶ በታች ከሆነ በእርሱ ላይ አዲስ ጂነስ አትትከሉ። አንድ ናሙና ብቻ በረጅም ቅርንጫፍ ላይ ቆሞ ሲታይ «አዲስ ቤተሰብ» የሚል ፈተና ይመጣል፤ ታገሡት፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ናሙና ፈልጉለት።

10. ለአንድ ፈንገስ ሁለት ስም

ድሮ የከረጢቱ መልክ አንድ ስም፣ ያለ ከረጢት የሚራባው መልክ ሌላ ስም መያዝ ይፈቀድ ነበር። በ2011 በሜልበርን በተካሄደው ጉባኤ የተሻሻለው የአልጌ፣ የፈንገስና የዕፅዋት ስያሜ ሕግ ይህን አስቀርቶታል፤ ከ2013 ወዲህ አንድ ፈንገስ አንድ ስም ነው። ስለዚህ ከረጢት ያለው ፈንገስ ስታገኙ፣ ከረጢት አልባው መልኩ ቀድሞ ተሰይሞ እንደሆነ ፈትሹ። ካልቸሩን ወዲያው አትጣሉት፤ የጸዳ የእንጨት ስንጣሪ ጨምራችሁ ብትጠብቁት ሌላኛውን መልኩን ራሱ ሊያሳያችሁ ይችላል።

11. ስሙን ሕጉ በማይቀበለው መንገድ ማውጣት

ድንቅ ሥራ ሆኖ ስሙ ውድቅ የሆነ አይቻለሁ። የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፣ ግን አንዱም አይጎድልም። መግለጫው ወይም መለያው በላቲን ወይም በእንግሊዝኛ ይሁን፤ እንግሊዝኛ የተፈቀደው ከ2012 ጀምሮ ነው። ከ2013 ጀምሮ ከማይኮባንክ፣ ከኢንዴክስ ፈንጎረም ወይም ከፈንጋል ኔምስ የተሰጠ የመዝገብ ቁጥር ከስሙ ጋር መታተም አለበት፤ ከታተመ በኋላ ማውጣት አይሠራም። ሆሎታይፑ (ስሙን ያወጣው ሰው የመረጠው ታይፕ) አንድ ናሙና ሆኖ የት ተቋም እንደተቀመጠ በግልጽ ይጻፍ።

ሕያው ካልቸር ታይፕ መሆን አይችልም። የደረቀ ናሙና፣ ወይም በጥልቅ ቅዝቃዜ አለዚያም በማድረቅ እንቅስቃሴው የቆመ ካልቸር ይሆናል፤ ይህም በጽሑፉ ላይ ይገለጽ። የላቲኑን ጾታም አስተካክሉ፦ ጂነሱ አንስታይ ከሆነ አኳቲካ፣ ተባዕታይ ከሆነ አኳቲከስ ነው፤ ሊግኒኮላን የመሰሉት ግን ስም ስለሆኑ አይለወጡም።

12. ታይፑን በልቶ መጨረስ

አንድ ጊዜ ከሄርባሪየም የታይፕ ፖስታ ተውሼ ከፈትኩ። ውስጡ የጣት ያህል ግራጫ እንጨት ነበር። ከጫፍ እስከ ጫፍ በአጉሊ መነጽር ፈለግሁ፤ ፍሬዎቹ የነበሩባቸው ክብ ጉድጓዶች አሉ፣ ፍሬ ግን አንድም የለም። ከእኔ በፊት የመጡት አንድ በአንድ ነቅለው ጨርሰዋቸዋል። አብሮት የተቀመጠው ስላይድም ደርቆ ተሰነጣጥቋል። በሌላ ወንዝ ያገኘሁት ፈንገስ ያ ይሁን አይሁን ማወቅ አልቻልኩም።

አሁን እንጨቱን ሳስቀምጥ ፍሬ ያለበትን ቦታ ሁሉ በእርሳስ አከብበዋለሁ፤ በአንድ እንጨት ላይ አምስት ዓይነት ፈንገስ ሊኖር ስለሚችል የቱ የታይፑ እንደሆነ መታወቅ አለበት። ከተገኙት ፍሬዎች ቢያንስ ግማሹን ሳልነካ እተዋለሁ። በውኃ የታየውን ፎቶ፣ የስፖሩን ቡቃያ ፎቶና የዘላቂውን ስላይድ ቁጥር ፖስታው ላይ እጽፋለሁ፣ ካልቸሩንም በሁለት የተለያዩ ማከማቻዎች አስቀምጣለሁ።